«ድካም ከ10፣ ከ3 እስከ 4» ምን ማለት ነው?

ከአይሲዩ (ከጽኑ ሕሙማን ክፍል) ወጥተው ቤት የገቡ ብዙ ሰዎች የፊዚዮቴራፒ ወረቀታቸው ላይ ይህን ያዩና ስንት ጊዜ መሥራት እንዳለባቸው የሚናገር ይመስላቸዋል። አይደለም። የቦርግ መለኪያ ይባላል፤ ስትንቀሳቀሱ ትንፋሹና ድካሙ ምን ያህል እንደከበዳችሁ ራሳችሁ የምትሰጡት ነጥብ ነው። 0 ምንም፣ 3 መካከለኛ፣ 10 የመጨረሻው።

እስቲ የወንበሩን እጀታ ይዛችሁም ቢሆን አምስቴ ተነሥታችሁ ተቀመጡ። ከዚያ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ትንሽ እያለከለካችሁም ቢሆን ከጨረሳችሁት ከ3 እስከ 4 ባለው ልክ ላይ ናችሁ፤ በየቃሉ መሃል መተንፈስ ካስፈለጋችሁ ግን አልፋችኋልና አረፍ በሉ። ትናንት 3 የነበረው ዛሬ 6 ቢሆን አትደንግጡ። ጡንቻ አልጋ ላይ በቀናት ይሳሳል፣ ለመመለስ ግን ወራት ይፈጃል። ደረታችሁን ካመማችሁ ወይም ካዞራችሁ ቁጥሩን ተዉት፤ አቁሙና ወዲያው ሐኪም ጋ ደውሉ።