ሎሚ፣ ስፕሪስና ጉንፋን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሎሚ የሚጠጣ ሰው ጉንፋን አይዘውም»

ጎጃም ውስጥ ደጋ ቆላ ሳይል የሚነገር ነው። ነጭ የደም ሴሎች ቫይታሚን ሲ ይፈልጋሉ፤ እሱ እውነት ነው። ግን ብዙ ጥናቶች በአንድ ላይ ሲመዘኑ፣ ቫይታሚኑን ዘወትር የሚወስድ ጎልማሳም እንደ ሌላው ሰው ጉንፋን ይይዘዋል፤ የሕመሙ ጊዜ በ8 በመቶ ገደማ ብቻ ያጥርለታል። ንፍጡ ከጀመረ በኋላ መጀመርማ ይሄ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ሎሚ በማር ጉሮሮ ያለዝባል፤ ይጠጣ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም።

«ስፕሪስ ሙሉ ቫይታሚን ነው»

የባሕር ዳር ጁስ ቤቶች ይቅር ይበሉኝና፣ የስፕሪሱ ንጉሥ አቮካዶ በ100 ግራም የሚይዘው ቫይታሚን ሲ 10 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው። ለልጆች የምንተወው ዘይቱን (ጓቫ) ከ200 ያልፋል። አንድ ጎልማሳ በቀን የሚያስፈልገው ከ75 እስከ 90 ነው። ጥሬ ቃሪያም ብርቱካንን በእጅጉ ይበልጣል፤ ማንም ግን ቃሪያን «ኢሚዩኒቲ ይጨምራል» ብሎ አይሸጥም። በብርጭቆው ላይ የሚጨመረው ስኳር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፣ በተለይ ስኳር በሽታ ላለበት።

ብዙ የማይወራለት ጥቅም ሌላ ቦታ ነው። በጾም የምንበላው ጤፍ፣ ምስርና ሽሮ ብረት አላቸው፤ ሰውነት ግን ከእህል የሚገኘውን ብረት በቀላሉ አይወስድም። አብሮ የተበላ ቃሪያ ወይም ሎሚ ብረቱን እንዲወስድ ያግዘዋል፤ ከማዕዱ ጋር የሚጠጣ ቡና ይቀንስበታል። የብረት እጥረት ደግሞ ደም ማነስ ማምጣቱ ብቻ ሳይሆን በሽታ የመከላከል አቅምንም ያዳክማል።

«የፍሬው ዱቄትና እንክብል ከፍሬው ይበልጣል»

ማሸጊያው ላይ «በላብራቶሪ የተረጋገጠ» ይላል። ብዙ ጊዜ የተፈተነው በብልቃጥ ውስጥ ባሉ ሴሎች ላይ ነው። እነዚያ ሴሎች ጨጓራም ጉበትም የላቸውም፤ ሰው የዋጠው ንጥረ ነገር ግን በሁለቱ ሲያልፍ ይለወጣል፣ ይሳሳል።

«የመከላከል አቅም በጨመረ ቁጥር ጥሩ ነው»

አይደለም። አስምና አለርጂ የሚመጡት መከላከያው ከልክ በላይ ሲቆጣ ነው።

«መድኃኒት ይተካል»

ወባ ባለበት ቆላ ትኩሳት የያዘው ሰው በሎሚና በፌጦ ቀን አይግፋ፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሄዶ ለምርመራ ደም ይስጥ። ወባ ከሆነ የታዘዘለትን ኪኒን ይጨርስ።