ጥንታዊ የዝሆን ጥርስ ቅርጽ ብሪታንያ ውስጥ ይሸጣል?

በ14ኛው ክፍለ ዘመን የፓሪስ ቀራጮች እንደ መጽሐፍ የሚታጠፉ ትንንሽ የጸሎት ምስሎችን ከዝሆን ጥርስ ይሠሩ ነበር። በአንዱ ገጽ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ በሌላው ስቅለቱ። አንዳንዶቹ መዳፍ ላይ ያርፋሉ። በልብሱ እጥፋት ውስጥ የድሮው ወርቅና ቀለም ቅሪት የሚታይባቸውም አሉ።

ይህን መሸጥ ይቻላል? «ጥንታዊ ከሆነማ ችግር የለውም» የሚል ብዙ ነው። እንደዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ወጥቶ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ የዝሆን ጥርስ ንግድን በጥቅሉ ይከለክላል። ዕድሜ ብቻውን አያድንም። ዕቃው ከ1918 በፊት የተሠራ መሆን አለበት፤ በዚያ ላይ እጅግ የላቀ የጥበብ፣ የባህል ወይም የታሪክ ዋጋ እንዳለው ታይቶ የምስክር ወረቀት ሊሰጠው ይገባል። ማመልከቻው 250 ፓውንድ ያስከፍላል።

ከ1947 በፊት ተሠርተው ጥርሱ ከ10 በመቶ በታች ለሆነባቸው ዕቃዎች ቀለል ያለ ምዝገባ አለ። «የኛው የብረት ማጠፊያ አለው» ብሎ እዚህ ለመግባት መሞከር ግን ከንቱ ድካም ነው። ምስሉ ራሱ ጥርስ ነዋ!

ቤት ማስቀመጥ፣ ማውረስ ወይም እንዲሁ በስጦታ መስጠት አልተከለከለም።