በተያዘችው ሆላንድ ተደብቆ መትረፍ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጀርመን ሜይ 10 ቀን 1940 ሆላንድን ስትወር በአገሪቱ 140,000 ያህል አይሁድ ይኖሩ ነበር (እዚህ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከእነዚህ ውስጥ 107,000 ገደማ የሚሆኑት ወደ ማጎሪያና መግደያ ካምፖች ተጋዙ፤ በሕይወት የተመለሱት ግን 5,000 ያህል ብቻ ናቸው። 28,000 የሚሆኑ ሰዎች ደግሞ በዚያው በአገሪቱ ውስጥ ተደበቁ። ከእነርሱም 16,000 ያህሉ ተረፉ፤ የቀሩት ተያዙ። ስለ እነዚህ ሰዎች የሚነገረው አንዳንዱ ከአንድ ዝነኛ ቤተሰብ ታሪክ የተቀዳ ነው። ሌላው ደግሞ አገር ስለ ራሱ መልካም ነገር መስማት ስለሚወድ የተፈጠረ ነው። የሞቱትም የተረፉትም ታሪካቸው በትክክል ሊነገርላቸው ይገባል ብዬ ስለማምን፣ ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች እያነሳሁ እውነታውን አስቀምጣለሁ።

«መደበቅ ማለት ቤተሰብ ተሰብስቦ አንድ ቤት ውስጥ መክረም ነው»

የአና ፍራንክ ቤተሰብ ጁላይ 6 ቀን 1942 በአምስተርዳም ከአባትየው መሥሪያ ቤት በስተኋላ ወዳለው ሕንጻ ገባ። ሌሎች አራት ሰዎች ተጨምረው ስምንቱም እስከ ኦገስት 4 ቀን 1944 ድረስ በዚያው ቆዩ። አና የጻፈችው የዕለት ማስታወሻ በመላው ዓለም ስለተነበበ፣ ብዙ ሰው የተደበቁት ሁሉ እንደዚያ የኖሩ ይመስለዋል። ይሁንና ከሁለት ዓመት በላይ ሳይለያዩ በአንድ ስፍራ መቆየት ጥቂቶች ብቻ ያገኙት ዕድል ነበር። የአና አባት ኦቶ ፍራንክ የራሱ የንግድ ድርጅት፣ ከመንገድ የማይታይ ሕንጻና ለእርሱ ሲሉ ለአደጋ የሚጋለጡ ታማኝ ሠራተኞች ነበሩት። ዝግጅቱንም አስቀድሞ ጀምሯል።

አብዛኛው ቤተሰብ የተደበቀው ተበታትኖ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ እንግዳ ልጅ ከተገኘ ለጎረቤት «ሮተርዳም በቦምብ ስትደበደብ ቤታቸው የፈረሰባቸው ዘመዶቻችን ልጅ ነው» ማለት ይቻላል። አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲመጣ ግን የሚታመን ምክንያት አይገኝም። ስለዚህ እናት በአንድ ከተማ፣ አባት በሌላ፣ ልጆች ደግሞ በየገበሬው ቤት ይቀመጡ ነበር። አንዱ ሌላው የት እንዳለ ባያውቅ ይመረጥ ነበር፤ የተያዘ ሰው የማያውቀውን ቢገረፍም ሊናገር አይችልምና። በዚያ ላይ መሸሸጊያው አይጸናም። አሰሳ ሊደረግ ነው የሚል ወሬ፣ የጎረቤት ጥያቄ፣ የአስጠጊው ፍርሃት ወይም ሕመም ሰውን በሌሊት ከቤት ያስወጣዋል። ከአሥር በላይ ቤት የቀያየሩ ልጆች አሉ። በየቤቱ አዲስ ስም፣ አዲስ ጸሎት፣ አዲስ «እናት» ይጠብቃቸዋል። የስድስት ዓመት ልጅ የገዛ ስሙ ሲጠራ ዞር እንዳይል መማር ነበረበት።

«የተደበቀ ሰው ሁሉ በጨለማ ክፍል ድምፁን አጥፍቶ ይኖር ነበር»

እንደዚያ የኖሩ ብዙ ናቸው። ነገር ግን በአደባባይ የተደበቁም ነበሩ፤ በሐሰተኛ መታወቂያ በየገበሬው እርሻ ላይ የሠሩ፣ በሰው ቤት በሠራተኝነት የተቀጠሩ፣ ከመንደሩ ልጆች ጋር ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን የሄዱ። ይህን ለማድረግ አይሁዳዊ የማያስመስል መልክና ጥሩ ወረቀት ያስፈልግ ነበር፤ ወረቀቱ ደግሞ ከባድ ነበር። ከ1941 ጀምሮ የወጣው የሆላንድ መታወቂያ ፎቶግራፍና የጣት አሻራ ያለው፣ ለማስመሰል እጅግ የሚያስቸግር ነበር። በአይሁድ መታወቂያ ላይ ደግሞ ትልቅ የ«ጄ» ፊደል ማኅተም ተመቶበታል። ቅጂው በሕዝብ መዝገብ ቤት ስለሚቀመጥ የተጠረጠረን ወረቀት ከዚያ ጋር ማመሳከር ይቻል ነበር። ማርች 27 ቀን 1943 ሠዓሊው ቪለም አሮንዴውስ የነበረበት ቡድን የአምስተርዳምን መዝገብ ቤት ያቃጠለው በዚህ ምክንያት ነው። ከቡድኑ አሥራ ሁለቱ በጥይት ተረሸኑ።

«የፈለገ መደበቅ ይችል ነበር»

ይህን አባባል ስሰማ ዝም ማለት አልችልም፤ ጥፋቱን ወደ ሟቾቹ ያዞራልና። ለመደበቅ መጀመሪያ የሚያስጠጋ ሰው ማወቅ ያስፈልጋል። በአምስተርዳም የአይሁድ ሠፈር ይኖር የነበረው ድሃ የገበያ ነጋዴ ወይም የአልማዝ ጠራቢ በገጠር የሚያውቀው ገበሬ ከየት ያመጣል? ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ሦስተኛው የራሽን ካርድ ነው፤ ምግብ በሙሉ በካርድ ይታደል ስለነበር ካርድ የሌለው ሰው ከአስጠጊው ቤተሰብ ድርሻ ይካፈላል ወይም ይራባል። ሆላንድ ደግሞ ሜዳ ናት። ተራራም ሆነ ሰው የሚጠፋበት ሰፊ ጫካ የላትም፤ ዙሪያዋም በጀርመን የተያዘ ምድርና ባሕር ነበር።

ማታለሉም ነበረ። ጁላይ 15 ቀን 1942 የመጀመሪያው ባቡር ከቬስተርቦርክ መሸጋገሪያ ካምፕ ሲነሣ ሰዎቹ የተነገራቸው ጀርመን ውስጥ ለሥራ እንደሚሄዱ ነበር። በመታወቂያ ላይ የሚመታ፣ መጋዝን የሚያዘገይ ማኅተም ለብዙዎች ተሰጥቶ ስለነበር፣ ያን ያገኘ ሰው «እኔን አይመለከተኝም» ብሎ ተስፋ አደረገ። ማኅተሙም ተራ በተራ ተሻረ። አቅመ ደካማ እናቱን ወይም አራት ትንንሽ ልጆቹን ጥሎ ለመደበቅ ያልወደደ ሰውም «አልነቃም» ሊባል አይገባውም።

«ሰዎችን የሚደብቀው ኅቡእ ድርጅት ለአይሁድ ተብሎ የተቋቋመ ነው»

በዚህ ጉዳይ ዋናው ነገር ጊዜው ነው። የተደበቁትን በአገር አቀፍ ደረጃ የሚረዳው ድርጅት በ1942 መጨረሻ በሄሌና ካውፐርስ-ሪትበርግና በፓስተር ፍሪትስ ስሎምፕ ተጀመረ። በስፋት ያደገው ግን ከ1943 ጸደይ (ማርች–ሜይ) በኋላ፣ ሆላንዳውያን ወንዶች ራሳቸው ጀርመን ውስጥ ካለው የግዳጅ ሥራ መሸሽ ሲጀምሩ ነው። በመጨረሻ የተደበቀው ሰው ከ300,000 በላይ ደረሰ፤ አብዛኛው አይሁዳዊ አልነበረም። የታጠቁ ቡድኖች የራሽን ካርድ ለማግኘት ማደያ ቢሮዎችን ዘረፉ፤ የባንክ ባለሙያው ቫልራፈን ፋን ሃል በብድርና በረቀቀ የሂሳብ ዘዴ ለተቃውሞው ከፍተኛ ገንዘብ አሰባሰበ። ይህ ሁሉ የሚደነቅ ነው፤ ካውፐርስ-ሪትበርግም ሆኑ ፋን ሃል በሕይወታቸው ከፍለውበታል።

ሆኖም ከማርች እስከ ጁላይ 1943 ባለው ጊዜ አሥራ ዘጠኝ ባቡሮች 34,000 ሰዎችን ፖላንድ ውስጥ ወደነበረው የሶቢቦር መግደያ ካምፕ ወስደዋል፤ ከእነዚያ የተረፉት 18 ናቸው። ሴፕቴምበር 29 ቀን 1943 በአምስተርዳም የመጨረሻው ትልቅ አፈሳ ተካሄደ። ሰዎችን የሚደብቀው መረብ ሲጠነክር አብዛኞቹ አይሁድ ሄደው አልቀዋል። ከዚያ በፊት አይሁድን የደበቁት በጥቂት ተማሪዎች፣ በየደብሩ ምእመናንና በግለሰቦች የተመሠረቱ ትንንሽ ቡድኖች ነበሩ፤ ገንዘብም ልምድም አልነበራቸውም።

«አይሁድን ያዳኑአቸው ሌሎች ናቸው፤ እነርሱ ራሳቸው እጃቸውን አጣጥፈው ጠበቁ እንጂ ምንም አላደረጉም»

ከሁሉም በላይ መታረም ያለበት ይህ ይመስለኛል። በአምስተርዳም ፕላንታጅ በሚባለው ሠፈር አንድ ቲያትር ቤት ነበር። ጀርመኖች ከ1942 አጋማሽ ጀምሮ የታፈሱ አይሁድን የሚያጉሩበት ቦታ አደረጉት። ሕፃናቱን ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ባለ መዋያ ያስቀምጡ ነበር። በቲያትር ቤቱ፣ በጀርመኖች ትእዛዝ የተቋቋመውን የአይሁድ ምክር ቤት ሠራተኞች የሚመራው ዋልተር ዙስኪንድ የተባለ ከጀርመን የተሰደደ አይሁዳዊ ነበር። የመዋያውም ኃላፊ ሄንሪየት ፒሜንቴል አይሁዳዊት ነበሩ። ዙስኪንድና የሥራ ባልደረባው ፊሊክስ ሃልፈርስታት የልጆቹን ስም ከመዝገብ ያጠፋሉ። ወጣቶቹ አይሁዳውያት ሞግዚቶች ሕፃናቱን በሻንጣ፣ በጀርባ ቦርሳ፣ በልብስ ቅርጫት አድርገው ያስወጣሉ። ትራም በሩ ላይ ሲቆም የማዶውን ዘብ ዓይን ስለሚጋርድ፣ በዚያች ቅጽበት ልጅ የያዘ ሰው ወጥቶ ይሳፈር ነበር። ሌሎቹ ልጆች በጓሮው አጥር በኩል፣ ዮሃን ፋን ሁልስት ወደሚመሩት የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ይሻገሩና ከዚያ የሆላንዳውያን ተማሪዎች ቡድኖች ወደ ገጠር ይወስዷቸዋል። በዚህ መንገድ 600 ያህል ልጆች ወጥተዋል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ሰው ወደ ቲያትር ቤቱ ገብቶ ወላጆቹን «ልጃችሁን ትሰጡናላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነበረበት። የት እንደሚሄድ አይነገራቸውም። ብዙዎች እሺ አሉ፤ ብዙዎችም ከልጃቸው መለየትን እምቢ አሉ። በሁለቱም ላይ ለመፍረድ ማንም ድፍረት ሊኖረው አይገባም።

ፒሜንቴል በ1943 አውሽቪትዝ ተገደሉ። ዙስኪንድ ከሚስቱና ከልጁ ጋር ተጋዘ፤ ሦስቱም አልተመለሱም። አይሁዳውያን አዳኞች በአገሪቱ ሌላ ክፍልም ነበሩ። ድሬንተ በተባለው ክፍለ ሀገር ኒውላንደ በምትባል መንደር አይሁዳዊው ማክስ ሌዮንስ ከአርኖልድ ዳውስ ጋር በብስክሌት እየዞረ ለሌሎች መሸሸጊያ ይፈልግ ነበር። ከበርሊን የመጣው ወጣት ዮአኪም ሲሞን በቤልጅግና በፈረንሳይ በኩል ወደ ስፔን የሚያደርስ መንገድ ዘረጋ፤ በጃንዋሪ 1943 ሲያዝ ጓደኞቹን ላለማውጣት በእስር ቤት ራሱን አጠፋ።

«ሆላንዳውያን አይሁድን የደበቁ ሕዝብ ናቸው»

የእስራኤሉ የእልቂት መታሰቢያ ተቋም ያድ ቫሼም አይሁድን በማዳናቸው የጻድቅነት ዕውቅና የሰጣቸው ሆላንዳውያን 6,000 ያህል ናቸው፤ ከፖላንድ ቀጥሎ ከፍተኛው ቁጥር ነው። በሌላ በኩል ከሆላንድ አይሁድ ሦስት አራተኛው ተገድለዋል፤ በምዕራብ አውሮፓ ከተያዙ አገሮች ከፍተኛው ድርሻ ይህ ነው። የሆላንድ ፖሊሶች ሰዎችን ከቤት አውጥተዋል፣ የሆላንድ ባቡሮች አጓጉዘዋል። ቪም ሄነይከ የሚመራው የሆላንዳውያን ቡድን በ1943 የተደበቁ ሰዎችን እያደነ ለአንድ ሰው 7 ከግማሽ ጊልደር (የሆላንድ ገንዘብ) ጉርሻ ይቀበል ነበር፤ በጥቂት ወራት ከ8,000 በላይ ሰዎችን አስረክቧል። አብዛኛው ሕዝብ ደግሞ አልደበቀም፣ አልጠቆመምም። የመንግሥት ባለሥልጣናት ያኔ ተገቢውን ባለማድረጋቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ማርክ ሩተ በመንግሥት ስም ይቅርታ የጠየቁት በጃንዋሪ 2020 ነው።

«አይሁድን የደበቀ ሁሉ ይረሸን ነበር»

በፖላንድ ከኦክቶበር 1941 ጀምሮ ቅጣቱ ሞት ነበር። በሆላንድ ግን ወጥ አልነበረም። አንዱ ወደ ማጎሪያ ካምፕ ይላካል፣ ሌላው ከወራት እስር በኋላ ይፈታል። የፍራንክ ቤተሰብን ሲረዱ ከተያዙት ሁለት ሰዎች ሁለቱም ተርፈዋል። የሐርለሙ ሰዓት ሠሪ የ84 ዓመቱ ካስፐር ቴን ቦም ግን ከታሰሩ በኋላ አሥር ቀን ያህል ቆይተው በእስር ላይ ሳሉ ሞቱ። አስጠጊው ምን እንደሚደርስበት አስቀድሞ ማወቅ አይችልም ነበር።

«የፍራንክ ቤተሰብን የጠቆመው ሰው ታውቋል»

አልታወቀም። በተለያየ ጊዜ የተለያዩ ሰዎች ተጠርጥረዋል፤ አንዳቸውም ላይ በማስረጃ የጸና ነገር የለም። በ2016 የአና ፍራንክ ሙዚየም ባደረገው ምርመራ፣ ፖሊሶቹ ወደ ቤቱ የመጡት በሕገ ወጥ የራሽን ካርድ ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል አመልክቷል። የሞተን ሰው በግምት ከሐዲ ማለት ትልቅ በደል ነው።

«ነፃነት ሲመጣ መከራው አበቃ»

የደቡቡ ክፍል በ1944 መኸር ነፃ ሲወጣ የቀረው አገር «የረሃብ ክረምት» የሚባለውን የብርድና የረሃብ ወራት አልፎ እስከ ሜይ 1945 ጠበቀ። ከዚያም የተደበቁት ወጥተው ቤታቸው ሌላ ሰው ገብቶበት አገኙት። ወላጆቻቸው ያልተመለሱ ልጆች ወደ 2,000 ይደርሱ ነበር። በክርስቲያን አሳዳጊዎቻቸው ዘንድ ይቆዩ ወይስ ወደ አይሁድ ዘመዶቻቸውና ማኅበረሰባቸው ይመለሱ የሚለውን እንዲወስን መንግሥት ኮሚሽን አቋቋመ፤ ክርክሩም ለዓመታት ዘለቀ። ልጆቹ አሳዳጊያቸውን እንደ እናት ይወድዱ ነበር፤ ዘመዶቻቸው ደግሞ ከእልቂቱ የቀሯቸው እነዚያ ልጆች ብቻ ነበሩ። ከዓመታት በኋላም ብዙዎቹ «እናንተ ካምፕ አልገባችሁም» እየተባሉ የደረሰባቸው እንደ መከራ አልተቆጠረላቸውም።

አምስተርዳም ከተማ ደግሞ ከካምፕና ከመሸሸጊያ የተመለሱ አይሁድ ባለቤቶችን፣ በጦርነቱ ዓመታት ላልከፈሉት የመሬት ኪራይ ውዝፉን ከነቅጣቱ አስከፍላለች። በእነዚያ ዓመታት በቤቶቹ ውስጥ ሌሎች ሰዎች፣ አልፎ አልፎም ናዚዎችና ደጋፊዎቻቸው ይኖሩ ነበር። ከተማዋ ገንዘቡን ለመመለስ 10 ሚሊዮን ዩሮ ለአይሁድ ማኅበረሰብ እንዲሰጥ የወሰነችው በ2016 ነው።