«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»፦ ድሩን ማን አደራው? አንበሳውስ ማን ነው?

ስለ አሜሪካ ኮንግረስ በአማርኛ በተወራ ቁጥር አንድ ምሳሌ ሳይጠራ አይቀርም። ዴሞክራትና ሪፐብሊካን ተኳርፈው መንግሥት ሲዘጋም፣ ተስማምተው አንድ ሕግ ሲያሳልፉም፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ላይ የተቀመጠውም አዲስ አበባ ሆኖ የሚተነትነውም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ይቋጫል። አባባሉ የፍቅር ስብከት ሆኖ ነው የሚነገረው፤ ሁለቱ ወገኖች ልብ ለልብ ቢገናኙ ሁሉም ይቃና ነበር ለማለት። ያወጣው ሰው ግን ስለ ፍቅር አላወራም። ስለ ክር ነው ያወራው፤ ክርም የሚያውቅ ሰው ነበር።

ብዙዎች ድር ሲባሉ የሸረሪቷን ያስባሉ። እኔ አልቀበለውም። ባላገር በየጎጆው ጥግ የሚያያት ሸረሪት ብቻዋን የምታደራ ናት፤ ማበር የእሷ ጠባይ አይደለም። በመቶ የሚቆጠሩ ሆነው በአንድነት የሚሰለፉት፣ በአንድነት የሚወጠሩት የሸማኔ ድሮች ናቸው።

ጥጡ መጀመሪያ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በብረት ዘንግ ይዳመጥና ፍሬው ይወጣል። ቀጥሎ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል። ከባዘቶው ፈታይዋ በእንዝርት ትፈትላለች፤ ሁለቱ ክሮች የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው። ለድር የታሰበው ቀጠንና ጠንከር ብሎ ይፈተላል፣ ለማግ የታሰበው ላላና ለስለስ ብሎ። ድሩ ከልክ በላይ ከተጠመዘዘ እየተጠቀለለ ያስቸግራል፤ ካነሰው ደግሞ ውጥረት አይችልም፣ ይበጠሳል። ዛሬ ሽሮ ሜዳ ላይ ብዙው ሸማኔ ድሩን የፋብሪካ ክር፣ ማጉን የእጅ ፈትል የሚያደርገው ያለ ነገር አይደለም፤ ሸክሙ ያለው ድሩ ላይ ነው።

ከዚያ ማድራት ይመጣል። መሬት ላይ ካስማ ይተከላል፤ ድር የሚያደራው ሰው ልቃቂቱን ይዞ ከካስማ ካስማ እየተመላለሰ ክሩን ይዘረጋል። ጫፍ ላይ ሲደርስ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያደረገ ያጠላልፋቸዋል፤ ይህች መጠላለፍ ከተዘለለች ክሮቹ ተራቸውን ያጡና ሸማኔው እግሩን ሰድዶ የሚሸምንበት ጉድጓድ ላይ ተቀምጦ ሲፈታ ይውላል። ሁሉም እኩል መወጠር አለባቸው። የላላው ክር ይረግብና መወርወሪያው ሲያልፍ ይመታዋል። ከጓደኞቹ የበለጠ የተወጠረው ደግሞ የሌሎቹን ሸክም ብቻውን ይዞ ይበጠሳል፤ ወዲያው ካልተቀጠለ ከዚያ ጀምሮ እስከ ጨርቁ መጨረሻ የሳሳ መስመር ይሄዳል።

ልብ በሉ፤ ድሮቹ ጎን ለጎን ቆሙ እንጂ አልተዋሐዱም። እያንዳንዱ እስከ መጨረሻው ራሱን የቻለ ክር ነው። የሚያያይዛቸው በመካከላቸው ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው ማግ ነው፤ ማጉ ካልገባ የተወጠረ ክር እንጂ ልብስ የለም።

አንበሳው ከየት መጣ? «ቢያብር» የተገጣጠመው «ያስር» ላይ ስለሆነ ለግጥሙ ሲባል አንበሳ አያስፈልግም ነበር፤ ጎሽም ዝሆንም ይሄድ ነበር። አንበሳ ግን የዙፋን ምልክት ነው። ሸማኔ ደግሞ የሠራውን ኩታ ለብሰው የሚንቁት ሰው ነበር። ይህ ምሳሌ ከዚያ ጉድጓድ ጫፍ በሹክሹክታ የወጣ ይመስለኛል፦ በሁለት ጣት የሚበጠስ ክር በወርዱ ሲሰለፍ ጌታን ያስራል። ከጉድጓዱ በቀር ማስረጃ የለኝም፤ ግምቴን ግን አልለቅም። ዞሮ ዞሮ አንበሳው የቆመው ከድሩ ውጭ ነው።

ይህን ይዘን ዋሽንግተን እንግባ። በሴኔት የአብዛኛው ረቂቅ ሕግ ክርክር ተዘግቶ ለውሳኔ እንዲቀርብ ከ100 ድምፅ 60 ያስፈልጋል። አንድ ፓርቲ ብቻውን 60 የሚይዝበት ዘመን ብርቅ ስለሆነ ከወዲያኛው ወገን ክር መሳብ ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የዘር መድልዎን የከለከለው የሲቪል መብት ሕግ ክርክር የተዘጋው በ71 ለ29 ነበር፤ ያኔ የሚጠየቀው 67 ነበር። የደቡብ ዴሞክራቶች ሕጉን ይዋጉ ስለነበር 27 ሪፐብሊካኖች ባይገቡ ኖሮ አይሆንም ነበር። በዚያ ጊዜ በሁለቱም ፓርቲ ውስጥ ወግ አጥባቂም ለዘብተኛም ነበረ። ዛሬ እያንዳንዱ ፓርቲ የየራሱን ዓይነት ለቅሞ ወስዷል፤ መደራደሩም ያን ያህል ከብዷል።

ከብዷል እንጂ አልጠፋም። በ2021 የመሠረተ ልማት ሕጉን በሴኔት 19 ሪፐብሊካኖች ደግፈውት 69 ለ30 አለፈ፤ ወደ 550 ቢሊዮን ዶላር አዲስ ወጪ የያዘ ሕግ ነው። አሠራሩ ቀላል ነበር። ከሁለቱም ወገን አምስት አምስት ሴናተሮች ተቀመጡ፤ በ2017 የወጣውን የግብር ቅነሳ የሚነካውንና ማኅበራዊ ወጪውን ከረቂቁ አስወጡ፤ መንገድ፣ ድልድይ፣ ውኃና ኢንተርኔት ቀረ። ድልድይ የሌለው ግዛት የለም። በ2022 የኮምፒውተር ቺፕ ፋብሪካዎችን የሚደጉመው ሕግ 64 ለ33 ሲያልፍ ደግሞ አንበሳው በግልጽ ይታይ ነበር፤ ቻይና ነበረች።

የማግን ነገር ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው ግን በየአምስት ዓመቱ ገደማ የሚታደሰው የእርሻ ሕግ ነው። ከ1973 ጀምሮ ለድሃ የሚሰጠው የምግብ እርዳታ (ፉድ ስታምፕ) እና የገበሬው ድጎማ በአንድ ሕግ ተያይዘው ኖረዋል። የካንሳስ ተወካይ ለከተማ ድሃ የተለየ ፍቅር ላይኖረው ይችላል፤ የኒውዮርክ ከተማውን የብሮንክስ ተወካይም የስንዴ ዋጋ አያስጨንቀውም። አንዱ ያለ ሌላው ድምፅ ስለማይሞላለት ብቻ ይመላለሳሉ። በ2013 የተወካዮች ምክር ቤት ሪፐብሊካኖች ሁለቱን ነጥለው እርሻውን ብቻ 216 ለ208 አሳለፉት፤ አንድም ዴሞክራት አልደገፈም። ሕግ የሆነው ግን በ2014፣ ሁለቱ እንደገና ተያይዘው ነው። የ2018ቱ በሴኔት 87 ለ13 አለፈ። ከዚያ በሐምሌ 2025፣ 60 ድምፅ በማይጠይቀው የበጀት መንገድ፣ በአንድ ፓርቲ ድምፅ ብቻ የገበሬው ድጎማ ጨመረ፣ የፉድ ስታምፑ ወጪ ተቀነሰ። በሴኔት ድምፁ 51 ለ50 ነበር፤ የለየውም የምክትል ፕሬዚዳንቱ ድምፅ ነው። ገበሬው የፈለገውን በዚያ በኩል ካገኘ ከከተማው ተወካይ ጋር ምን ያደራድረዋል? እኔን ከጩኸቱና ከስድቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ማግ መመዘዙ ነው።

ስለሚበጠሰው ክርም ማስረጃው ቅርብ ነው። በመስከረም 2023 መጨረሻ የተወካዮች ምክር ቤት ሪፐብሊካኑ አፈ ጉባኤ ኬቪን ማካርቲ መንግሥት እንዳይዘጋ ጊዜያዊ በጀት በሁለቱም ወገን ድምፅ 335 ለ91 አሳለፉ። በሦስተኛው ቀን ስምንት ሪፐብሊካኖች ከዴሞክራቶች ጋር ድምፅ ሰጥተው በ216 ለ210 ከወንበራቸው አወረዷቸው። በየካቲት 2024 የኦክላሆማው ሪፐብሊካን ሴናተር ጄምስ ላንክፎርድ ለወራት የተደራደሩበት የድንበር ስምምነት ትራምፕ ከተቃወሙት በኋላ 49 ለ50 ወደቀ። ሁለቱም ሰዎች የተበጠሱት ውጥረቱ በእነሱ ላይ ብቻ ስለነበር ነው። ዋጋውን መሪውም ተራ አባሉም እኩል ካልያዙት በመሃል ያለው ክር አይቆይም።

ምሳሌው በዋሽንግተን በየቀኑ የሚሠራበትን ቦታ ደግሞ ጠሪዎቹ አያዩትም። የ2010ሩ የጤና ሕግ አንድም ሪፐብሊካን፣ የ2017ቱ የግብር ሕግ አንድም ዴሞክራት ሳይደግፈው አለፈ። ድር አበረ፤ አንበሳው ሌላው ፓርቲ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ እንዲተባበሩ እየተመኙ ይህን አባባል የሚጠሩ ሰዎች፣ አንዱ ሌላውን ለማሰር የተሰለፉትን እያወደሱ ሊሆን ይችላል።

ጥቂት ሰዎች ወደ ሌላው ወገን በተሻገሩ ቁጥርም ጠሪዎቹ ይህን ምሳሌ ባያደክሙት ጥሩ ነበር። በ2025 መንግሥት ለ43 ቀን ተዘግቶ ሴኔት በ60 ለ40 ሲከፍተው «ድር አበረ» ተባለ። ስምንት ሴናተሮች ከዴሞክራቶቹ ወገን ተነጥለው ተሻገሩ፤ አብዛኛው በጀት እስከ ጥር መጨረሻ ተራዘመ። ይህን ሸማኔ ማድራት አይለውም፤ የተበጠሰ ክር ቀጠልኩ ነው የሚለው።