የቲግ ቶርችና ማቀዝቀዣው፦ ብዙዎቻችን የምንሳሳትባቸው ነገሮች

ለቤት ሥራ የቲግ ብየዳ ማሽን (በተንግስተን ዘንግና በአርጎን ጋዝ የሚበይድ) የገዛ ሰው ቀጥሎ የሚያስጨንቀው ቶርቹ፣ ማለትም ተንግስተኑ የሚታሰርበትና ጋዙ የሚወጣበት በእጅ የሚያዘው ክፍል ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ይሁን በውሃ? ትንሽ ይሁን ትልቅ? መካሪ አይጠፋም፤ ምክሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀኑን ሙሉ ለሚበይድ ፋብሪካ የሚሆን ነው። እኔ ቶርች በሁለት ጥያቄ ነው የሚመረጠው ባይ ነኝ፦ በስንት አምፔር፣ ለስንት ደቂቃ?

«200 አምፔር ከተጻፈበት 200 አምፔር ይችላል»

ይችላል፤ ሳያርፍ ግን አይደለም። የቶርች አቅም የሚነገረው ከ10 ደቂቃ ውስጥ ስንቱን እንደሚሠራ ታስቦ ነው። 60 በመቶ ከተባለ፣ 6 ደቂቃ ሠርቶ 4 ደቂቃ ያርፋል። ትልቁ ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ የዲሲ (በአንድ አቅጣጫ የሚፈስ ኤሌክትሪክ) ነው። አሉሚኒየም በኤሲ (አቅጣጫው በሚቀያየር ኤሌክትሪክ) ሲበየድ ተንግስተኑ ይበልጥ ስለሚግል የቶርቹ አቅም ይቀንሳል።

የቤት ማሽኖችስ? ብዙዎቹ ከቶርቹ በላይ ዕረፍት ይፈልጋሉ። በ200 አምፔር 25 በመቶ የሚል ማሽን ከ10 ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ተኩል ብቻ ነው የሚሠራው። ቶርቹ ሳይደክም ማሽኑ ያርፋል።

«ቁጥሩ ከፍ ያለ ቶርች ይሻላል»

9፣ 17፣ 18፣ 20፣ 26 የሚባሉት የሞዴል መለያዎች እንጂ የጥራት ደረጃ አይደሉም። 9፣ 17 እና 26 በአየር ይቀዘቅዛሉ፤ በቅደም ተከተል ወደ 125፣ 150 እና 200 አምፔር ይሸከማሉ። 20 እና 18 የውሃ ናቸው፤ 20 ወደ 250፣ 18 ወደ 350 አምፔር። እንግዲህ እዩት፣ 20 ቁመናው እንደ 9 ትንሽዬ ሆኖ ከ26 በላይ ይሸከማል።

26ን ይዛችሁ የቱቦላሬ ፍሬም ውስጠኛ ማዕዘን ላይ ለመበየድ ሞክሩ። ጭንቅላቱ ከአንዱ ጎን ጋር ይጋጫል። ጫፉን ለማድረስ ተንግስተኑን ታስረዝማላችሁ፤ ያኔ ጋዙ በደንብ አይሸፍነውም። ወፍራሙ ኬብል ደግሞ አንጓችሁን ወደ ታች ይጎትታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። 9ን ግን እንደ እስክሪብቶ ትይዙታላችሁ። ለቀጭን ሥራ እኔ ሁሌም የማነሳው እሱን ነው።

ኮሌት (ተንግስተኑን ጨብጦ የሚይዘው) እና ኖዝል (ጋዙ የሚወጣበት አፍ) 9 እና 20 ይጋራሉ፤ 17፣ 18 እና 26 ደግሞ እርስ በርስ ይጋራሉ። ዛሬ ለ9 የገዛችሁት ዕቃ ነገ ወደ ውሃ ብትሸጋገሩም አይባክንም።

«ያለ ውሃ ቁም ነገር አይሠራም»

እስቲ እናስላ። ለብረት በ1 ሚሊ ሜትር ውፍረት 40 አምፔር ገደማ ይበቃል። የ2 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ 80 አምፔር፣ የ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ 120 አምፔር መሆኑ ነው። በዚያ ላይ የቤት ሥራ መሃል ላይ ይቆራረጣል፦ ትንሽ ትበይዳላችሁ፣ ታገላብጣላችሁ፣ ታስራላችሁ፣ ትለካላችሁ። በዚህ መሃል ቶርቹ ይበርዳል። 17 ቶርች ለዚህ ይበቃል። ውሃ ዋጋውን የሚያወጣው 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ላይ ረጅም መስመር ስትበይዱ ነው።

«ሲግል አርጎኑን መጨመር ነው»

የአርጎን ዋና ሥራው ቀልጦ ያለውን ብረትና ተንግስተኑን ከአየር መከላከል ነው። ይዞት የሚሄደው ሙቀት ትንሽ ነው። ለተለመደ ኖዝል በደቂቃ ከ6 እስከ 10 ሊትር ይበቃል። ከልክ በላይ ስትከፍቱት ጋዙ ይናወጥና አየር ይዞ ይገባል፤ ብየዳው ይጠቁራል፣ ቀዳዳ ያወጣል። ብየዳው ካለቀ በኋላ ለየ10 አምፔሩ 1 ሰከንድ ያህል ጋዙ ይፍሰስ። ያ ለቶርቹ እጀታ ሳይሆን ለጋለው ተንግስተን ነው።

«ውሃ ያው ውሃ ነው»

አይደለም። የቧንቧ ውሃ ማዕድን አለበት፤ በጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ እየተጋገረ ይዘጋዋል፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። የመኪና ራዲያተር ፈሳሽም ለመኪና የተጨመሩ ኬሚካሎች ስላሉት አይሆንም። ወይ የተጣራ ውሃ፣ ወይ ለቶርች ተብሎ የተዘጋጀውን ፈሳሽ ተጠቀሙ። ቅዝቃዜው ውሃ በሚያረጋበት ቦታ ሁለተኛው ግድ ነው።

«የውሃ ቶርች ለአንድ አፍታ ያለ ውሃ ይሠራል»

እዚህ ላይ በጣም ተጠንቀቁ። የውሃ ቶርች ኬብል ቀጭን የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። መዳቡ ያለው ከቶርቹ በሚመለሰው ውሃ ቱቦ ውስጥ ነው፤ ውሃው እሱንም ያቀዘቅዛል። ውሃው ከቆመ ኬብሉ በሰከንዶች ውስጥ ይቃጠላል።

እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የጠረጴዛው እግር ቱቦው ላይ ቆሞ ኖሮ አላየሁትም። ፓምፑ ይሰማል፣ ድምፁ ደህና ነው። መጀመሪያ የጎማ ሽታ መጣ፣ ቀጥሎ ቱቦው አብጦ ፈነዳና ትኩስ ውሃ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ወዲህ የፓምፕ ድምፅ አላምንም። ጋኑን ከፍቼ የሚመለሰውን ውሃ በዓይኔ አያለሁ። አንዳንዴም የመመለሻውን ቱቦ ባለ 1 ሊትር ጠርሙስ ውስጥ አደርግና ሰዓት እይዛለሁ፤ በአንድ ደቂቃ ካልሞላ ማጣሪያውን አጸዳለሁ።

«ቶርቹ ከሞቀ ተበላሽቷል»

መጀመሪያ የት እንደሞቀ እዩ። ጭንቅላቱ ከሆነ አምፔሩ በዝቷል፣ ወይም ዕረፍቱ አንሷል፣ ወይም ኮሌቱ ተንግስተኑን አጥብቆ አልያዘም። ማሽኑ ላይ የሚሰካው ጫፍ ከሆነ የሚግለው፣ ሶኬቱ ላልቷል። ማሽኑን አጥፉ፣ ሲበርድ ነቅላችሁ አጽዱት፣ ከዚያ እስኪጠብቅ ድረስ አዙራችሁ ሰኩት።