ለሳልሞን ማጥመጃ የሚታሰረው ሪፍሊንግ ሂች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሪፍሊንግ ሂች የአትላንቲክ ሳልሞን የተባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች የሚወዱት አስተሳሰር ነው። መንጠቆ ላይ ከላባ የተሠራችው ሰው ሠራሽ ዝንብ ሳትሰጥም የውሃውን ገጽ እየሰነጠቀች እንድትሄድ ያደርጋታል። ሥራው ቀላል ሆኖ ሳለ ብዙ ነገር በስህተት ይወራበታል።

«ዝንቧን ከክሩ ጋር የሚያያይዘው ቋጠሮ ነው።» አይደለም። ዝንቧ አስቀድማ በተለመደው ቋጠሮ መንጠቆው ቀዳዳ ላይ ጥብቅ ተደርጋ ትታሰራለች። ከዚያ ክሩን ጠምዘዝ አድርጋችሁ ቀለበት ትሠራላችሁ፤ ቀለበቱን በዝንቧ ጭንቅላት ላይ ታጠልቁና አንገቷ ላይ ታጠብቃላችሁ። ይህንኑ አንድ ጊዜ ትደግሙታላችሁ። በቃ። አሁን ክሩ የሚወጣው ከአንገቷ ጎን ስለሆነ፣ ስትሳብ ገደድ ብላ ወደ ላይ ትወጣለች። ከማጥበቃችሁ በፊት ክሩን በምራቅ አርጥቡት፤ ደረቁን ከሳባችሁት ይዳከማል።

«ክሩ በየትኛውም ጎን ቢወጣ ያው ነው።» ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ክሩ መውጣት ያለበት እናንተ ወደቆማችሁበት ዳር በሚያየው ጎኗ ነው። ፊታችሁን ወደ ወንዙ አዙራችሁ ስትቆሙ ውሃው ከቀኝ ወደ ግራ ከፈሰሰ በቀኝ ጎኗ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ከፈሰሰ በግራ ጎኗ ይሁን። ወደ ማዶ ከተሻገራችሁ ፈታችሁ ቀይሩት፤ አትስነፉ።

«የሆነ ሊቅ አስቦ የፈጠረው ነው።» ታሪኩ ከዚህ ይበልጥ ደስ ይላል። በካናዳ ኒውፋውንድላንድ፣ ፖርትላንድ ክሪክ የሚባል ቦታ አለ። እንደሚነገረው የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንኖች ያረጁ ዝንቦቻቸውን ለነዋሪዎቹ ትተው ሄዱ። የእነዚያ ዝንቦች ማሰሪያ ቀለበት ከሐር ትል የሚወጣ ጅማት ነበር፤ ሲያረጅ ይበጠሳል። ነዋሪዎቹ ቀለበቱን ስላላመኑት ክሩን አንገቷ ላይ ደግመው አሰሩት። ዝንቧም ውሃው ላይ መሄድ ጀመረች፤ ሳልሞኑም መጣላት! ኋላ አሜሪካዊው አጥማጅ ሊ ዉልፍ ዘዴውን በሰፊው አስተዋወቀው።

«በፈጠነች ቁጥር ይሻላል።» ከኋላዋ የምትተወውን መስመር እዩ። ዳክዬ ስትዋኝ እንደምትተወው፣ ጥርት ብሎ ለሁለት የሚከፈል ሞገድ መሆን አለበት። ውሃ ከረጨች ፈጥናለች፤ ከሰጠመች ዘግይታለች። የዘንጉን ጫፍ ከፍ ወይም ዝቅ በማድረግ አስተካክሏት።

«ሳልሞን የሚነክሰው ርቦት ነው።» ለመራባት ወንዝ የገባ ሳልሞን ምግብ አቁሟል። ስለዚህ ዝንቧ የግድ ነፍሳት መምሰል የለባትም።

«ውሃው ሲናወጥ ቶሎ መሳብ ነው።» ይህ ብዙ ዓሣ ያሳጣል። ሳልሞኑ ብቅ ሲል ልብ ቀጥ ይላል፤ ግን ያኔ ከሳባችሁ ዝንቧን ከአፉ ትነጥቁታላችሁ። ክብደቱ እጃችሁ ላይ እስኪሰማችሁ ጠብቁ።