ጃፓ ምንድን ነው? የአምላክን ስም በአፍ፣ በለሆሳስና በልብ መድገም

ሰሜን ሕንድ ውስጥ፣ በያሙና ወንዝ ዳር፣ ቭሪንዳቫን የምትባል ከተማ አለች። ከሂንዱ አማልክት አንዱ የሆነው ክሪሽና ልጅነቱን ያሳለፈው እዚያ ነው ተብሎ ስለሚታመን ምእመኑ ከየአቅጣጫው ይጎርፍባታል። መንገዱ ላይ ቀኝ እጁን ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ የከተተ ሰው ብዙ ታያላችሁ። ከረጢቱ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ጣቶቹ ውስጥ ውስጡን ይንቀሳቀሳሉ፣ ከንፈሩም አያርፍም። ገበያ እየሄደ ይሆናል፣ ወይም ቆሞ ሰው እየጠበቀ። ያም ሆኖ ጸሎት ላይ ነው። ይህ ጸሎት ጃፓ ይባላል።

ቃሉ ሳንስክሪት ነው። ሥሩ ድምፅን ዝቅ አድርጎ መናገር፣ ማጉረምረም ማለት ነው። በአማርኛ «መድገም» ከሚለው የተሻለ አላገኘሁለትም። «ዳዊት ደገመ» ስንል ጸሎት አደረሰ ማለታችን ነው። መደጋገምም በዚያው ቃል ውስጥ አለ። ጃፓም ልክ እንዲሁ ነው። ሰውዬው አንድ ማንትራ፣ ማለትም አንድ ቅዱስ ቃል ወይም አጭር ሐረግ ይዞ ደጋግሞ ይለዋል። የሺቫ ምእመን «ኦም ናማ ሺቫያ» ይላል። የቪሽኑ ወገን «ኦም ናሞ ናራያናያ» ወይም «ሃሬ ክሪሽና» ይላል። አንዳንዱ «ራማ» የሚለው የአምላክ ስም ብቻ ይበቃዋል።

«ታዲያ ድግምት ነዋ!» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ድግምት አንድን ነገር በግድ ለማስፈጸም ነው። በጃፓ ግን ሰው የሚወደውን አምላክ ስም ይጠራል። በተለይ በምሥራቁ የቤንጋል አገር የክሪሽና ምእመናን ዘንድ ስሙና ባለስሙ አይለያዩም። ስሙ ምላስ ላይ ካለ አምላኩም እዚያው አለ ብለው ያምናሉ። ይህን ካልያዝን ሰው ለምን በቀን ሰዓታት ሙሉ አንድ ቃል እንደሚደግም አይገባንም።

ከረጢቱ ውስጥ ያለው መቁጠሪያ ነው። ማላ ይሉታል። 108 ፍሬ አለው። ለክሪሽና የሚደግሙት ብዙውን ጊዜ ቱልሲ ከሚባለው ቅዱስ ተክል እንጨት የተሠራውን፣ ለሺቫ የሚደግሙት የሩድራክሻ ዘር የተሰካበትን ይይዛሉ። ከ108ቱ ሌላ ሜሩ የሚባል አንድ ለየት ያለ ፍሬ ይጨመርበታል። ቆጣሪው እዚያ ሲደርስ አይሻገረውም፤ ማላውን አዙሮ ወደ መጣበት ይመለሳል። ሌባ ጣት ደግሞ ፍሬውን አይነካም። ሰው የሚጠቁምበት ጣት ስለሆነ የትዕቢት ምልክት ነው ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 ኒው ዮርክ ላይ የተመሠረተው የሃሬ ክሪሽና ማኅበር በሥርዓት የተቀበላቸው ተከታዮቹ በየቀኑ 16 ዙር እንዲቆጥሩ ያዛል። ማንትራውን 1,728 ጊዜ ማለት ነው፤ ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ጃፓ ሦስት ዓይነት ነው። ቫቺካ፣ ሌላ ሰው እንዲሰማው ሆኖ በአፍ የሚደገመው። ኡፓምሹ፣ ከንፈር እየተንቀሳቀሰ ለሌላ የማይሰማው። ለዚህኛው «በለሆሳስ» የሚለው ቃላችን ልክክ ይላል። ሦስተኛው ማናሲካ ነው። ከንፈርም ምላስም ዝም ብለው በልብ ብቻ ይደገማል።

የማኑ ሕግ የሚባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ደረጃ ያወጣላቸዋል። ጃፓ በሥርዓት ከሚቀርብ መሥዋዕት 10 እጥፍ ይበልጣል ይላል። በለሆሳስ ሲሆን 100 እጥፍ፣ በልብ ሲሆን 1,000 እጥፍ። እሳት፣ ቅቤና ብዙ ካህን የሚጠይቅ መሥዋዕት በከበረበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ምንም የሌለው ሰው በባዶ እጁ ከዚያ የሚበልጥ ማቅረብ ይችላል ማለት ነው። ባጋቫድ ጊታ በሚባለው ቅዱስ መጽሐፍ 10ኛ ምዕራፍም ክሪሽና ራሱ «ከመሥዋዕቶች መካከል ጃፓ እኔ ነኝ» ይላል።

የልቡ ለምን በለጠ? ከባድ ስለሆነ ይመስለኛል። አፍ ሲደግም ልብ ገበያ ሊሄድ ይችላል። በልብ ብቻ ሲደገም ግን፣ ሐሳብ ሸሸት ባለ ቁጥር ጃፓውም ይቆማል። መደበቂያ የለውም። ፓታንጃሊ የሚባለው ጥንታዊ ሊቅ ዮጋ ሱትራ በተባለው መጽሐፉ «ኦም» ስለሚለው ቅዱስ ቃል ሲጽፍ መድገሙንና ትርጉሙን ማሰላሰሉን አንድ ላይ ያስቀመጣቸውም ለዚህ ይመስለኛል። ከዚህም የራቀ አለ። ትንፋሽ ሲገባ «ሶ»፣ ሲወጣ «ሃም» ይላል የሚሉ አሉ። «እኔ እርሱ ነኝ» ማለት ነው። በደቂቃ 15፣ በቀን 21,600 ጊዜ። ሰውዬው ሳይደግመው የሚደገም ጃፓ።

ይህን ሰምቶ ከልቡ ልጀምር የሚል ግን ቶሎ ይደክማል። አስተማሪዎቹም ብዙዎቹ ከአፍ ያስጀምራሉ። ከአፍ መጀመር ደግሞ ምንም አያሳፍርም። የራማን ታሪክ የሚተርከውን ራማያና እንደጻፈ የሚነገርለት ቫልሚኪ በፊት ሽፍታ ነበር ይላል አፈ ታሪኩ። ኃጢአቱ ከመብዛቱ የተነሳ «ራማ» ማለት አቃተው። «እንግዲያው ማራ በል» ተባለ። ማራ፣ ማራ፣ ማራ እያለ ሲደግም ቃሉ በራሱ ጊዜ ራማ፣ ራማ ሆነ። ምስጥ ኩይሳ ሠርቶበት እስኪሸፍነው ድረስ ሳይነሳ ደገመ ይባላል። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። ጮክ ብላችሁ ሞክሩት፤ የት ላይ እንደተገለበጠ አትይዙትም።

ቤንጋል ውስጥ ደግሞ ደረጃውን ራሱን የገለበጡት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1486 የተወለደው የክሪሽና ምእመናን መምህር ቻይታንያ የክሪሽናን ስም ከበሮና ጽናጽል ይዞ፣ ከሕዝብ ጋር አደባባይ ላይ ዘመረው። ይህ ኪርታን ይባላል። ከወዳጆቹ አንዱ ሃሪዳስ ነበር። ከሙስሊም ቤተሰብ የመጣ ሰው ነው። በቀን 300,000 ጊዜ ስሙን ይጠራ ነበር፤ ያውም ጮክ ብሎ። አንድ ብራህሚን፣ ማለትም ከካህናት ወገን የሆነ ሰው፣ ተቆጣው። በልብ የሚደገመውን ምን ያስጮኸዋል አለው። የሃሪዳስ መልስ በመጻሕፍታቸው ተጽፏል። ዝም ብሎ የሚደግም ራሱን ያድናል፤ ጮክ ብሎ የሚደግም ግን የሰማውን ሁሉ፣ ስለዚህ 100 እጥፍ ይበልጣል።

መቶ እጥፍ፣ አሁን ደግሞ በተቃራኒው። የተጣሉ ይመስላሉ፤ እኔ ግን ተጣልተዋል አልልም። ማኑ የሚጠይቀው የደጋሚው ሐሳብ ምን ያህል እንደተሰበሰበ ነው። ሃሪዳስ የሚያስበው አጠገቡ ስላለው ነው። ዛሬም አንዱ ምእመን ንጋት ላይ ለብቻው ተቀምጦ በለሆሳስ ማላውን ይቆጥራል። ማታ ደግሞ ቤተ መቅደስ ሄዶ ያንኑ ስም ድምፁ እስኪዘጋ ይዘምረዋል። ሃሪዳስ መናገር የማይችሉትን ፍጥረታትም አልረሳም። ወፍ፣ እንስሳና ትል ስሙን ሊጠሩ አይችሉም፤ መስማት ግን ይችላሉ አለ።